ግትር የፍሪራይድ ስኖውቦርድ ለማን ይሆናል?

ኅዳር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከጅማ ወጥተው ዴንቨር፣ ካልጋሪና ኦስሎ የከተሙ ልጆች የበረዶ መንሸራተቻ ቦርድ መግዣቸው ደርሷል። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ሻጩ ይሄኛው ግትር ነው፣ ለትልቅ ተራራ የሚሆነው እሱ ነው አለኝ። ልውሰደው?»

እኔ ዴንቨር ብዙ ዓመት ኖሬ ነው ወደ ጅማ የተመለስኩት። አሁን ሂርማታ አካባቢ ቡና ሥራ ላይ ነኝ። እዚያ እያለሁ ለስላሳውንም፣ መካከለኛውንም፣ ግትሩንም ቦርድ ነድቻለሁ። በመጨረሻ የረጋሁት ግትሩ ላይ ነው። ይዤው መጥቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እወደዋለሁ። ግን ለጠየቀኝ ሁሉ «ውሰደው» አልልም። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ከሱ ሁለት ሦስት ደረጃ ለስለስ የሚለው ነው። ለምን እንደሆነ ልዘርዝር።

«ኢትዮጵያዊና በረዶ ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ አይጠፋም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። የሱ አገር አቋራጭ ነው፣ የኔ ቁልቁለት። በረዶው ግን ያው በረዶ ነው።

ለጀማሪ በአጭሩ ላስረዳ። ስኖውቦርድ ሁለቱም እግር የሚታሰርበት አንድ ሳንቃ ነው። ፍሪራይድ የሚባለው ዓይነት ተራራውን እንዳለ ለመውረድ የተሠራ ነው። ያልተዳመጠ በረዶ፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት፣ ንፋስ የጠረበው ጫፍ፣ ሁሉም ላይ ይሄዳል። ለዝላይና ለመገለባበጥ ከሚሠራው ቅርጹ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ከጅራቱ ረዘምና ሰፋ ይላል። እግር የሚታሰርበት ቦታ ደግሞ ከመሐል ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ይሄ አፍንጫው ከበረዶው በላይ ቀና እንዲል ይረዳዋል።

አምራቾች ግትርነቱን ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጡታል። ወደ 1 የሚጠጋው ልምጥምጥ ነው፣ ወደ 10 የሚጠጋው ንቅንቅ አይልም። ግትር የፍሪራይድ ቦርድ 7፣ 8፣ 9 ላይ ነው የሚገኘው። ቁጥሩን ብቻ አምናችሁ ግን አትግዙ። ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ነው የሚሰጠው። የአንዱ 7 የሌላው 8 ሊሆን ይችላል።

ቤት ለሚመጡ ልጆች ግትርነት ማለት ምን እንደሆነ በእጃቸው ነው የማሳያቸው። ሁለት የጅማ በርጩማ አራርቄ አስቀምጥና ቦርዱን ጫፍና ጫፉን በላያቸው አጋድመዋለሁ። «በል መሐሉን ተጫነው» እላለሁ። ልጁ ይጫናል። ቦርዱ ትንሽ ዝቅ ይልና እጁን መልሶ ይገፋዋል። ይሄ የርዝመቱ ግትርነት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህኛው ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ጉልበቴ መሐል አጥብቄ እይዛለሁ። ሌላውን ጫፍ እሱ በሁለት እጁ ይይዝና አንዱን ጠርዝ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ሊጠመዝዘው ይሞክራል። ጥርሱን ነክሶ ይታገላል። ቦርዱ ወይ ፍንክች። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው።

ለምን? መታጠፍ ስትጀምሩ ቀድሞ የሚያዘው የፊት እግር ነው። የፊት እግራችሁን ጣት ስትጫኑ የቦርዱ የፊት ግማሽ በትንሹ ይጠመዘዛል፣ ጠርዙም በረዶውን ይነክሳል። የኋላው ግማሽ ይከተለዋል። ለስላሳ ቦርድ ላይ ለዚህ ቁርጭምጭሚት ብቻ ይበቃል። ግትሩ አልጠመዘዝም ስለሚል ሙሉውን ጠርዝ በአንዴ ነው የምታነሱት። ጉልበትም ዳሌም መግባት አለበት። የፈራ፣ ያመነታ እግር ቦርዱ ላይ ምንም አያመጣም። ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሲሰጠው ግን ሳይውል ሳያድር ይፈጽማል።

ይሄ ጠባይ የሚመጣው ከውስጡ ነው። መሐሉ እንጨት ነው። ብዙ ጊዜ ፖፕላር ወይም ፓውሎኒያ ነው፣ አንዳንዱ እኛ አጥር የምናጥርበትን ቀርከሃ ይጨምርበታል። ከላይና ከታች ፋይበርግላስ ይለበጣል። የፋይበርግላሱ ክር በሁለት አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ቦርዱ መጠምዘዝ ይችላል። በሦስት አቅጣጫ ከሄደ ይገትራል። የካርቦን ዘንግ ሲታከልበት ጭራሽ ይብስበታል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ፋይበርግላሱ ስንት አቅጣጫ እንደሆነና ካርቦን እንዳለው ጠይቁ። ከቁጥሩ የበለጠ ይነግራችኋል።

ለጅማ ልጅ የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው። አዲስ አበባ ቡና አራግፎ ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ባሌስትራው ለኩንታል የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዷ ጉድጓድ ጀርባችሁ ላይ ነው የምታርፈው። ያው መኪና ሙሉ ጭኖ ሲሄድ ይረጋጋል። ግትር ቦርድም ጭነት ይፈልጋል። ጭነቱ ክብደታችሁና ፍጥነታችሁ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ያንገጫግጫችኋል እንጂ አይሸከማችሁም።

ሲጫን ምን እንደሚመስል ደግሞ ልንገራችሁ። ከዴንቨር በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ ላቭላንድ የሚባለው የመንሸራተቻ ተራራ ይመጣል። አውራ ጎዳናው አይዘንሃወር ዋሻ ውስጥ የሚገባው እዚያው ሥር ነው። ዘጠነኛው ሊፍት፣ ማለትም ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው የገመድ ወንበር፣ ጫፍ ላይ ሲያወርዳችሁ 3,870 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጅማችን ራሷ ከዴንቨር ከፍ ትላለች። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ ጅማ ከ1,700 በላይ። የዚያ ጫፍ ነገር ግን ሌላ ነው። ዛፍ የሚባል የለም። ንፋሱ በረዶውን ይጠርበዋል። አንድ ክንድ ያህል ድንጋይ የሆነ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ቀጥሎ አንድ ክንድ ለስላሳ ይመጣል። ከዚያ እንደገና ቅርፊት።

በለስላሳ ቦርድ እዚያ ስወርድ አፍንጫው ይርገፈገፍ ነበር። ርግፍግፍታው በጫማው በኩል ጉልበት ላይ ይደርሳል። ዓይን መንገዱን ይተውና የቦርዱን አፍንጫ ማየት ይጀምራል። ያኔ ፍጥነት ከመቀነስ ሌላ አማራጭ የለም። በግትሩ ስወርድ አፍንጫው ቅርፊቱን እየሰበረ ያልፋል። ድምፁ ራሱ ይለወጣል። ያ ኳኳታ ይቀርና አንድ ወጥ የሆነ ፍጭታ ብቻ ይሰማል። ዓይን ወደ ሚቀጥለው መታጠፊያ፣ ከዚያም ወደ ሚከተለው ይሄዳል። ሰው ግትር ቦርድን ለፍጥነቱ ነው የሚያደንቀው። እኔ የምወድለት ይሄንን እርጋታ ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ ጠዋት ላይ ይታያል። ሌሊቱን የደረቀ፣ ማሽን የዳመጠው ቁልቁለት ላይ ጠርዙ ይዞ አይለቅም። እዚህ ላይ ካምበር የሚባለው ቅርጽ ያግዘዋል። ቦርዱን ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት በሁለቱ እግሮች መሐል ያለው ክፍል ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ታያላችሁ። ስትቆሙበት ይተኛል፣ ጠርዙም ከዳር እስከ ዳር በረዶውን ይጫናል። እንደ ቡርተን ከስተም ኤክስ ያሉት በዚህ የታወቁ ናቸው። እንደ ጆንስ ፍላግሺፕ ያሉት ደግሞ ካምበሩን መሐል ላይ ይተዉና አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሱታል።

ይሄ አፍንጫ ማንሳት አንድ የተለመደ ብዥታ ያጠራልኛል። «ግትር ቦርድ አዲስ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል» ሲሉ ትሰማላችሁ። የሚያንሳፍፈው ቅርጹ ነው። ረጅም፣ ሰፊና ቀና ያለ አፍንጫ፣ ጠበብ ያለ ጅራት፣ ወደ ኋላ የሸሸ አቋቋም። ግትርነቱ በዚህ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው። እንዲያውም ጥልቅ አዲስ በረዶ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው አፍንጫው ትንሽ ልምጥ የሚለው ቦርድ ቶሎ ቀና ይልለታል። ለፓውደር፣ ማለትም ለዚህ ለስላሳ አዲስ በረዶ ብላችሁ ብቻ 9 ቁጥር አትግዙ። ቅርጹ የፍሪራይድ ሆኖ ግትርነቱ 5 ወይም 6 የሆነ ቦርድ ሞልቷል።

አሁን ወደ ሌላው ገጽታው። የእህቴ ልጅ ኦሮራ ነው የምትኖረው፣ ዴንቨር ጎን። ክብደቷ 58 ኪሎ ነው። ጎበዝ ናት፣ የማትወርደው ቁልቁለት የለም። ሱቅ ገብታ 8 ቁጥር ሊሸጡላት ሲሉ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ባለሙያዎች የሚይዙት ይሄንን ነው አሉኝ። ምን ይላሉ?»

«አንቺ የት የት ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«ከጓደኞቼ ጋር ነኛ። ዛፎቹ መሐል መግባት እወዳለሁ። ትንንሽ ዝላይም እሞክራለሁ።»

«በይ ሳትገዢው ለአንድ ቀን ተከራይተሽ ሞክሪው። ከሰዓት ዛፍ መሐል ግቢና ማታ ደውዪልኝ።»

ማታ ደወለች። ጠዋት ሰፊውና የተዳመጠው ቁልቁለት ላይ ደስ ብሏታል። ዛፍ መሐል ስትገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። እዚያ ፍጥነት የለም። መታጠፊያው አጭር ነው፣ ሐሳብ ደግሞ በቅጽበት ይለወጣል። በየዛፉ ሙሉውን ጠርዝ በጭን ጉልበት ስታነሳ ውላ እግሯ ዝሏል። ግትር ቦርድ ላይ የጠርዙ ኩርባ ራሱ ለረጅም መታጠፊያ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ከ8 ሜትር በላይ ራዲየስ አላቸው፣ ለዝላይ የሚሠሩት 7 አካባቢ ናቸው። ጠባብ ቦታ ላይ ይሄ ይታወቃል። በመጨረሻ 5 ቁጥር፣ አፍንጫው ረዘም ያለ ገዛች። አሁንም ስታወራኝ ስለ ቦርዱ ሳይሆን ስለ ዋለችበት ቦታ ነው የምታወራው፣ ደስ ይለኛል።

ክብደት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሻጮች ብዙ አይጠይቁበትማ። 8 ቁጥር ለ58 ኪሎ ሰውና ለ90 ኪሎ ሰው አንድ ዓይነት ቦርድ አይደለም። ለቀለለው ሰው በተግባር 10 ይሆንበታል። አምራቾች ለየእያንዳንዱ ርዝመት የክብደት ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ርዝመት የሚመረጠውም በቁመት ሳይሆን በዋናነት በዚያ ነው። አገጭ ድረስ ይድረስ የሚለውን የድሮ ምክር ተዉት። ከሠንጠረዡ የታችኛው ጫፍ ላይ ከሆናችሁ በቁጥር አንድ ደረጃ ለስለስ ያለውን ውሰዱ።

ካልጋሪ ያለው አብሮ አደጌ ደግሞ ለግትር ቦርድ የተፈጠረ ሰው ነው። እዚህ ጅማ ኳስ ሲጫወት ተከላካይ ነበር፣ አሁን ዘጠና ኪሎውን አልፏል። ባንፍ አካባቢ ሰንሻይንና ሌክ ሉዊዝ ነው የሚሄደው። ዝላይ አይወድም። ሥራው ከላይ እስከ ታች በረጅም መታጠፊያ ቀጥ ብሎ መውረድ ነው። የድሮው ለስላሳ ቦርዱ ሲፈጥንበት ጅራቱ ከሥሩ ይሸሽ ነበር። መታጠፊያው መጨረሻ ላይ ተንሸራቶ ይቀራል። እሱ «ጉልበቴ ደከመ» ይላል፣ እኔ የላከልኝን ቪዲዮ ሳይ ቦርዱ ከክብደቱ በታች እየታጠፈበት ነው። «ወንድሜ፣ ጉልበትህ ደህና ነው፣ ግትሩን ያዝ» አልኩት። ጅራቱ አሁን ይይዝለታል።

እንግዲህ ራሳችሁን ስትመዝኑ «ምን ያህል ጎበዝ ነኝ?» የሚለውን ተዉት። ቀኑ የት ነው የሚያልቀው? በፍጥነት፣ በሰፊ ቦታ፣ በደረቅ ወይም በተቆራረጠ በረዶ ላይ ከሆነ ግትሩ ያስፈልጋችኋል። ጠርዝ ላይ ቆማችሁ መታጠፍ ካልቻላችሁ፣ ማለትም ቦርዱን ወደ ጎን እያንሸራተታችሁ የምትወርዱ ከሆነ፣ ጊዜው ገና ነው። ዘገምተኛ ፍጥነት ላይ ግትር ቦርድ ስሕተት አይምርም። የታችኛው ጠርዝ ሳታስቡት በረዶውን ነክሶ በአፍ ጢማችሁ ይደፋችኋል። ልጅ የምታስተምሩ፣ ከጀማሪ ጋር የምትውሉ ከሆነም አይመቻችሁም። ቆሞ መጠበቅና በዝግታ መውረድ የሚበዛበት ቀን ላይ ያደክማል። ከሊፍት ስትወርዱ አንድ እግር ብቻ ታስሮ ያለችው ያቺ አጭር መውረጃ እንኳን ትከብዳለች።

ቦርዱን ብቻ ገዝቶ ጫማና ባይንዲንጉን (ጫማውን ከቦርዱ ጋር የሚያስረውን) የድሮውን መተው ብዙ ጊዜ አያለሁ። አይሠራም። ጫማው ለስላሳ ከሆነ የእግራችሁ ኃይል ጫማው ውስጥ ያልቃል፣ ቦርዱ ጋ አይደርስም። ሦስቱ መመጣጠን አለባቸው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከጫማው ጀምሩ። ጫማ ሲጠብ ሲሰፋ ቀኑን ሙሉ የሚያሰቃየው እሱ ነው። እግራችሁ ትልቅ ከሆነ የቦርዱን ወገብ ስፋት እዩ፣ ሰፊ የሚባል ዓይነት አለ። ጣታችሁ ወጥቶ በረዶ ከነካ መታጠፊያው መሐል ይጥላችኋል። ባይንዲንጉን ደግሞ ሁለቱም ወደ ፊት እንዲያዩ አድርጉት። የፊተኛው 18 ወይም 21 ዲግሪ፣ የኋለኛው 3 ወይም 6 ለመጀመር ጥሩ ነው። ግትር ቦርድ ላይ ጉልበትን ወደ ፊት መንዳት ይቀላል።

ሰምም አትርሱ። የፍሪራይድ ቦርድ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሲንተርድ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሰም ይጠጣል። ሲጠጣ ይፈጥናል፣ ሲደርቅ ይጎትታል። ወደ መኪና የሚመልሰው ሜዳ መንገድ ላይ ትርፉ ይታወቃችኋል። ወቅቱ ሲያልቅ ወፈር ያለ ሰም ቀብታችሁ፣ ጠርዙን አድርቃችሁ አስቀምጡት፣ አለዚያ ይዝጋል። ጅማ ክረምት ላይ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ፣ የኔን ጠርዝ በየጊዜው ዘይት አስነካዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። ግትር ፍሪራይድ የገዛ ሰው ዓይኑ ከገመዱ ውጭ ነው፣ ጥበቃ ወደሌለበት ተራራ። አሜሪካ ውስጥ የበረዶ ናዳ ከየትኛውም ግዛት በላይ ሰው የገደለው ዴንቨር ባለችበት በኮሎራዶ ነው። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው። ያ ደግሞ በትክክል ይሄ ቦርድ የሚወደው ቁልቁለት ነው። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ ሳታነቡት አትውጡ። ቢከን (በረዶ ሥር የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ)፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ለየራሳችሁ ይኑራችሁ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም ይያዝ፣ አጠቃቀሙንም ይልመድ። የተቀበረን ሰው የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድሉ በጣም ያሽቆለቁላል፣ የነፍስ አድን ቡድን ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደርስም። ለቦርዱ የሚሆን ገንዘብ ኖሯችሁ ለዚህ ከሌላችሁ ቦርዱን አቆዩት።

ስለ ዋጋው። አዲስ ግትር የፍሪራይድ ቦርድ ከ600 እስከ 800 ዶላር ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሳይሆነው ገዝቶ በአንድ ወቅት ውስጥ ስለሚሸጠው፣ ያገለገለ ንጹሕ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። ስትገዙ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ጭረት ችግር የለውም። እንጨቱ ድረስ የገባ ቀዳዳ ካለ ግን ውኃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ጠርዙን በጣታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት፣ የተሰነጠቀ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ቦታ ካለ ይቅርባችሁ። ከዚያ ጎኑን በጥፍራችሁ ፈትሹ። ለበጣው መላቀቅ ከጀመረ ጥፍር ይገባበታል። ባይንዲንግ የሚታሰርባቸውን ብሎኖችም በመፍቻ አንድ በአንድ ሞክሯቸው። ባዶውን የሚሽከረከር አንድም ብሎን ካለ ሌላ ቦርድ ፈልጉ።